ተነሥቶ የሚጠፋ ሞተር
ስለ አሮጌ መኪና አጠባበቅ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ዕቃ ከጉምሩክ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ሱቅ፣ ከሱቅም ወደ ደንበኛ ደጃፍ የሚደርሰው በመኪና ነው፤ መኪናውም በብዙ ነጋዴ ዘንድ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለገሉ ቮልስዋገኖች፣ ላዳዎችና ቶዮታዎች ዛሬም ሲሠሩ ይታያሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በውጭ አገር አገልግለው በሚገቡ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና እንደ ቀድሞው በሌላ አሮጌ መኪና መለወጥ ቀላል አልሆነም። በሽታውን ዐውቆ ማስጠገን ግን እስከ ዛሬ በባለቤቱ ሥልጣን ያለ ነገር ነው።

ከአሮጌ መኪና በሽታዎች ሁሉ ገንዘብ በከንቱ የሚያስወጣው ምናልባት ይህ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይነሣል፤ ወዲያው ወይም ጥቂት ከሠራ በኋላ ግን ይጠፋል። ፈጽሞ የማይነሣ ሞተር መካኒኩን እምብዛም አያታልለውም፤ የጎደለው ነገር እስኪገኝ ድረስ አይነሣምና። ተነሥቶ የሚጠፋው ግን አንድ ዕቃ በተለወጠለት ቁጥር የዳነ ይመስላል፤ ሂሳቡ ይከፈላል፤ በማግሥቱ ሸቀጥ እንደ ተጫነ መንገድ ላይ ይቆማል። እንዲህ እየሆነ ካርቡራቶር፣ ቦቢና፣ ፖምፓ በተራ ይገዛሉ፤ ከተገዙትም ሁለቱ ወይም ሦስቱ ያለ ጥፋታቸው የተጣሉትን የተኩ ሆነው ይገኛሉ።

የቤንዚን ሞተር ለመሥራት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ቤንዚን፣ አየርና የእሳት ብልጭታ። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ ይህን ድብልቅ የሚያዘጋጀው ካርቡራቶሩ ነው፤ የሚያቀጣጥለውም ከቦቢናው ተነሥቶ በካንዴላው ጫፍ የሚዘልለው ብልጭታ ነው። እንግዲህ ሞተሩ ለአፍታም ቢሆን ከተነሣ ስለ ራሱ የሚመሰክረው ነገር አለ። ባትሪውና ሞተሪኖው ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ቤንዚንና ብልጭታም ቢያንስ ለዚያች አፍታ ተገናኝተዋል። ስለዚህ «መኪናው እየጠፋ አስቸገረኝ» ብሎ የመጣን ባለመኪና አዲስ ባትሪ ግዛ ማለት ከሕመምተኛው ጋር ሳይነጋገሩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ያለ ነው። መጠየቅ ያለበት «ከጠፋው ነገር አስቀድሞ የነበረው የትኛው ነው? የጠፋውስ መቼ ነው?» የሚለው ነው። ከመካኒኩ መሣሪያ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሰዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሞተሩ የሚጠፋው ቁልፉ በተለቀቀበት ቅጽበት ከሆነ ነገሩ ከኤሌክትሪክ በኩል መፈለግ አለበት። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ ለቦቢናው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሁለት መንገድ አለው። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ዞሮ ሞተሪኖው በሚሠራበት ጊዜ፣ ባትሪው ስለሚደክም ለቦቢናው ሙሉውን ኀይል የሚሰጥ አቋራጭ መንገድ ይከፈታል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ኤሌክትሪኩ ኀይል በሚቀንስ ሬዚስተር በሚባል ዕቃ በኩል ያልፋል። ይህ ሬዚስተር ብዙ ጊዜ ከነጭ ሸክላ የተሠራ፣ የጣት ያህል ርዝመት ያለው፣ በውስጡ ሽቦ የተጠቀለለበት ርካሽ ነገር ነው። ሽቦው ሲበጠስ ሞተሩ በአቋራጩ መንገድ ይነሣል፤ እጅ ከቁልፉ ሲነሣም ይጠፋል። የኳድሮው የውስጥ መጋጠሚያ ሲበላም እንዲሁ ያደርጋል።

ለመመርመር የሚያስፈልገው ሁለት ሽቦ ያላት አንዲት ትንሽ አምፖል ብቻ ናት። አንዱ ሽቦ ከሞተሩ አካል፣ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ወደ ቦቢናው ከሚገባበት ጫፍ ላይ ይደረጋል። ሞተሪኖው ሲሠራ አምፖሏ በርታ፣ ቁልፉ ሲለቀቅ ፈጽማ ከጠፋች ምርመራው አለቀ፤ ካርቡራቶሩን የሚነካው ሰው አያስፈልግም። ከሬዚስተሩ በፊት ባለው ጫፍ ላይ መብራት ካለ የተበጠሰው ሬዚስተሩ ነው፤ ከሌለ ኳድሮው ወይም ሽቦው ነው። አንዳንድ ሰው ሬዚስተሩን ትቶ በቀጥታ ሽቦ ያገናኘዋል፤ መኪናውም ይሄድለታል። ነገር ግን ለዚያ ሬዚስተር የተሠራ ቦቢና ሙሉውን 12 ቮልት ዘወትር ሲሸከም ይግላል፤ ፑንቲናውም ቶሎ ይቃጠላል። ሬዚስተር የማያስፈልገው ቦቢና መኖሩም መዘንጋት የለበትም፤ የአሮጌው ቮልስዋገን ቦቢና እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሻጩ ቦቢና ሲሸጥ ከሬዚስተር ጋር የሚሠራ ወይም ያለ ሬዚስተር የሚሠራ መሆኑን ጠይቆ መስጠት ይገባዋል፤ የተለዋወጠ እንደ ሆነ ወይ ቦቢናው ይቃጠላል፣ ወይ ብልጭታው ይደክማል።

ሞተሩ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ በደኅና ሠርቶ፣ ከዚያ እያሳለ እየደከመ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የተጠረጠረው ቤንዚን ነው። ምክንያቱም ካርቡራቶሩ በውስጡ ትንሽ የቤንዚን ቋት አለው፤ ከታንኩ አንዲት ጠብታ ባትመጣ እንኳ በቋቱ ያለው ሞተሩን ለማስነሣትና ለጥቂት ጊዜ ለማሠራት ይበቃል። ቋቱ ሲደርቅ ሞተሩ ይጠፋል። ጥቂት ተቆይቶ በዝግታ ሲሞላ እንደገና ይነሣል፤ ባለመኪናውም «አሁን ደግሞ ምንም የለውም» ይላል።

እዚህ ላይ ከታንኩ እስከ ካርቡራቶሩ ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ መከተል እንጂ መዝለል አይገባም። በካርቡራቶሩ አጠገብ ያለው ጎማ ተፈትቶ ጫፉ ወደ ጠርሙስ ይገባል፤ ሞተሩ እንዳይነሣ የቦቢናው ኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ ከዚያ አንድ ሰው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሴኮንድ ያሠራዋል። ቤንዚኑ በየምቱ በኀይል ከተረጨ ፖምፓውም መንገዱም ደኅና ናቸው፤ እየተንጠባጠበ ከመጣ ወይም ከአረፋ ጋር ከመጣ ጉድለቱ ከዚያ ወደ ኋላ ነው። ይህ ሥራ ከቤት ውጭ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በሌለበት ቦታ መሠራት አለበት፤ በአጠገቡም የእሳት ማጥፊያ ወይም አንድ ጣሳ ደረቅ አሸዋ ይኑር። በቤንዚን እሳት ላይ ውኃ ማፍሰስ እሳቱን ማስፋት ነው።

አረፋ የታየ እንደ ሆነ ፖምፓው ከቤንዚኑ ጋር አየር እየሳበ ነው። ከታንኩ እስከ ፖምፓው ያሉት ጎማዎች በዕድሜ ደርቀው ሲሰነጣጠቁ፣ የሚስቡት ስለሆኑ ወደ ውጭ ጠብታ አያሳዩም፤ ስለዚህ «አያፈስም» ተብለው ይታለፋሉ። ጎማው ተጣጥፎ ሲታይ ስንጥቁ ይገለጣል። ፊልትሮው ደግሞ በተለይ ከጀሪካን ቤንዚን የሚቀዳበት አገር የሚመላለስ መኪና ላይ በዝገትና በአቧራ ይዘጋል፤ ውኃም ይገባበታል። በፖምፓው ውስጥ ያለው ዲያፍራም የሚባለው ስስ ላስቲክ ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ሞተር ዘይት ስለሚወርድ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ እንዲህ ያለው መኪና ዘይቱ ሳይለወጥ እንዲሄድ መደረግ የለበትም።

በመንገዱ መጨረሻ ላይ የሚገኘው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚረሳው ዕቃ የታንኩ ክዳን ነው። ስለዚህ ነገር አንድ ምሳሌ ማሰብ ይጠቅማል። ከመርካቶ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና እየጫነ ወደ ሱቁ የሚያመላልስ አንድ ነጋዴ አሮጌ ፒካፕ አለው እንበል። መኪናው ጧት በደኅና ይነሣል፤ 15 ደቂቃ ያህል ሄዶ ግን ይጠፋል፤ ትንሽ ከቆመ በኋላ እንደገና ይነሣል። ነጋዴው ወደ ጋራዥ ይወስደዋል፤ ፖምፓው ይለወጣል፤ ከጋራዡ ሲወጣም ቤንዚን ይቀዳል፤ መኪናው ያን ቀን አይጠፋም። በማግሥቱ ይጠፋል። ቦቢናው ይለወጣል፤ በመጨረሻም ካርቡራቶሩ ራሱ። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ አንድ ቀን ጤና ይገኛል፤ ያም የሆነው ዕቃው ስለ ተለወጠ ሳይሆን፣ ቤንዚን ሲቀዳ ክዳኑ ስለሚከፈትና ከመንገድ በፊት ታንኩ አየር ስለሚያገኝ ነው። አንድ አስተዋይ መካኒክ በመጨረሻ መኪናው በጠፋበት ቦታ ላይ ደርሶ ሌላ ነገር ሳይነካ ክዳኑን ይከፍታል፤ «ፍስ» የሚል የአየር ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሩም ወዲያው ይነሣል።

የዚህ ምክንያት ግልጥ ነው። ቤንዚን ከታንኩ በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ ካልገባ ታንኩ ውስጥ የሚፈጠረው ባዶነት ከፖምፓው ጉልበት ይበልጥና ቤንዚኑን ይይዘዋል። በአንዳንድ መኪናዎች አየሩ የሚገባው በክዳኑ ላይ ባለች ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። ነጋዴው የመጀመሪያው ክዳን ሲሰረቅበት መቆለፊያ ያለው ሌላ ክዳን ገዝቶ ነበር፤ ሲገዛም ሲሸጥለትም የተጠየቀው በአፉ ልክ መግጠሙና መቆለፉ ብቻ ነበር፤ መተንፈሻ ያለው መሆኑን የጠየቀ አልነበረም። እዚህ ላይ ግን ክዳን ሁሉ ይበሳ ለማለት አይደለም። በሌሎች መኪናዎች ታንኩ የሚተነፍሰው በተለየ ቀጭን ቱቦ በኩል ስለሆነ፣ ለእነርሱ የሚገባው የታፈነው ክዳን ነው፤ ቀዳዳ ያለው ከተደረገላቸው በመንገድ ጥምዝ ላይ ቤንዚን ያፈሳሉ። ሁለቱ ክዳኖች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዐይነት ሊመስሉ ይችላሉ፤ የሚለያዩትም ሲገለበጡ ነው።

አንዳንድ ሞተር ደግሞ ቤንዚን መስጫው ሲረገጥ ይሠራል፤ እግር ሲነሣ ይጠፋል። ይህ የሚኒሞ በሽታ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚመገበው በካርቡራቶሩ ውስጥ ባለች የፀጉር ያህል በጠበበች ቀዳዳ ነው፤ እርስዋንም አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትዘጋታለች። መድኃኒቱ ቀዳዳዋ ያለችበትን ትንሽ የነሐስ ቡሎን ፈትቶ በአየር መንፋት ነው፤ በሽቦ መጎርጎር ግን ቀዳዳዋን ያሰፋታል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ቤንዚን በላተኛ ይሆናል። በኋለኞቹ የቮልስዋገን ካርቡራቶሮችና በብዙ የጃፓን መኪናዎች ላይ፣ ቁልፉ ሲዘጋ ይህን ቀዳዳ የሚዘጋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መዝጊያ አለ። ሽቦው ከወለቀ ወይም መዝጊያው ከተቃጠለ ቀዳዳው ተዘግቶ ይቀራል። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ ሽቦውን ነቅሎ መመለስ ነው፤ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካልተሰማ በሽታው ተገኘ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው ሌላው ምክንያት ከካርቡራቶሩ በታች በተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን ወይም በወለቀ ቱቦ በኩል የሚገባ ትርፍ አየር ነው። ሞተሩ እየሠራ በመጋጠሚያው ላይ ጥቂት ውኃ ቢረጭ ስንጥቁ ለጊዜው ይደፈንና የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። በቤንዚን እንዲህ ያለ ሙከራ የሚያደርጉ አሉ፤ ከእነርሱም መካከል መኪናቸውን ያቃጠሉ አይጠፉም። የሚኒሞውን ቡሎን በካቻቢቴ እያጠበቁ ሞተሩን በግድ ማስጮኽ ጥገና አይደለም፤ በሽታውን መሸፈንና ቤንዚን ማባከን ነው።

የከፍታም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ አየርዋ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በፋብሪካው ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲሠራ ለአነስተኛ አየር ብዙ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ይለብሳሉ፤ ሞተሩም በሚኒሞ እየታፈነ ይጠፋል። ለአዲስ አበባ የተስተካከለው ደግሞ ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ሊያንሰው ይችላል። ተፈትቶ የወጣ ካንዴላ ይህን ሁሉ ይናገራል፤ ጥቁርና ደረቅ ጥቀርሻ ቤንዚን መብዛቱን፣ የነጣ ጫፍ ቤንዚን ማነሱን፣ ቡና መሳይ ቀለም ደኅንነቱን ያሳያል።

ጧት ብርድ ሳለ ብቻ የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ የቾክ ጉዳይ ነው፤ መዝጊያው ካልተዘጋ ቀዝቃዛው ሞተር የሚፈልገውን ወፍራም ድብልቅ አያገኝም፤ ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ይታፈናል። የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሥቶ በዐይን ማየት ይበቃል።

ሞተሩ ሲግል ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሁለት ተጠርጣሪዎች ይቀርባሉ፤ እነርሱን መለየት የሚቻለውም መኪናው በጠፋበት ደቂቃ እንጂ በማግሥቱ በጋራዥ አይደለም። አንደኛው በቱቦው ውስጥ የተነነ ቤንዚን ነው። በከፍተኛ አገር የአየር ግፊት ስለሚያንስ ፈሳሽ ሁሉ ቶሎ ይፈላል፤ ውኃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቤንዚንም ከውኃ ይልቅ ቶሎ የሚተንን ስለሆነ በጋለ ሞተር አጠገብ በሚያልፍ ቱቦ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ ፖምፓውም እንፋሎቱን መግፋት አይችልም። በፖምፓውና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ከተነሣ ነገሩ ይኸው ነው፤ ቱቦውን ከማርሚታው ማራቅ ወይም በሙቀት መከላከያ መጠቅለል ይፈውሰዋል። ሁለተኛው ሲግል የሚደክም ቦቢና ወይም ኮንዴንሰር ነው። ሞተሩ እንደ ጠፋ አንድ ካንዴላ ተፈትቶ፣ ሽቦው እንደ ተሰካ፣ በሽቦ ማሰሪያ ከሞተሩ አካል ጋር ተገናኝቶ ይቀመጣል፤ ሞተሪኖው ሲሠራም ብልጭታው ይታያል። ካንዴላው ከቤንዚን ሽታና ከእጅ የራቀ ይሁን። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካለ ወደ ቤንዚኑ፣ ቀጭንና ቢጫ ብልጭታ ወይም ባዶ ከሆነ ወደ ቦቢናውና ወደ ኮንዴንሰሩ መሄድ ነው። በዚሁ አጋጣሚ የፑንቲናው ክፍተት ይለካል፤ ለቮልስዋገን 0.4 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ብልጭታው ይደክማል፤ የፑንቲናው ፊት ተቃጥሎ ከተገኘም ኮንዴንሰሩ አብሮ ቢለወጥ ገንዘቡ አይባክንም።

በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተሠሩ ካርቡራቶር የሌላቸው፣ ቤንዚን በኢንጀክሽን የሚረጭላቸው አንዳንድ ቶዮታዎች ሌላ ጠባይ አላቸው። በእነዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ፖምፓው ሞተሪኖው ሲሠራ በአንድ መንገድ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው በአየር መለኪያው ውስጥ ያለ ማብሪያ ነው፤ ይህም ወደ ሞተሩ በሚነፍሰው አየር ተገፍቶ በሚከፈት ክንፍ ይሠራል። ከአየር መለኪያው በኋላ ያለው ትልቅ ጎማ ከተቀደደ አየሩ በቀዳዳው ይገባል፤ ክንፉ አይገፋም፤ ፖምፓው ይቆማል፤ ሞተሩም ተነሥቶ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት በተቀደደ ጎማ ፋንታ ውድ ፖምፓ የገዛ ሰው ዕድሉን መውቀስ አይገባውም። ከዚያ በኋላ በመጡት መኪናዎች ደግሞ ሞተሩ በአንድና በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ተነሥቶ ከጠፋ፣ በዳሽቦርዱም ላይ የቁልፍ ምልክት ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ መኪናው ቁልፉን ሌባ የያዘው አድርጎ ቈጥሮታል፤ ጉዳዩ የመካኒክ ሳይሆን የቁልፉ ነው።

ይህ ሁሉ የመለዋወጫ ነጋዴውንም ይመለከታል። በሱማሌ ተራም ሆነ በሌላ የዕቃ መሸጫ ሰፈር «ካርቡራቶር አለህ?» ብሎ የሚገባው ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ካርቡራቶር አይደለም። «ሞተሩ የሚጠፋው መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ባለሱቅ ለዛሬ ትልቁን ሽያጭ ያጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ተመልሶ መጥቶ ገንዘቤን መልስ የሚለው ደንበኛ አይኖረውም። ለአስመጪውም ከዚህ የሚገኝ የትእዛዝ ትምህርት አለ። ከተቈጠሩት በሽታዎች አብዛኞቹ የሚድኑት በትንንሽ ዕቃዎች ነው፤ ቤንዚን የማይበላው ጎማ በሜትር፣ የፖምፓ ዲያፍራም፣ የካርቡራቶር ጓርኒሲዮን ሙሉ ስብስብ፣ ኮንዴንሰር፣ ሬዚስተር፣ ፊልትሮ፣ መተንፈሻ ያለውና የሌለው ክዳን። እነዚህ በአንድ ካርቶን የሚገቡ፣ ቦታ የማይዙ፣ ቶሎ የሚሸጡ ናቸው፤ ሙሉ ካርቡራቶር ግን ዓመት መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ትእዛዝ ሲጻፍ የመኪናው ስምና የተሠራበት ዓመት ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ዓመት የተሠሩ ሁለት መኪናዎች የተለያየ ካርቡራቶር ሊኖራቸው ይችላል። በካርቡራቶሩ አካል ላይ የተቀረጸው ቍጥር፣ የሞተሩና የሻሲው ቍጥር አብረው መላክ አለባቸው። ጎማ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ለውኃ የተሠራውን ለቤንዚን እንዳይሰጡት በትእዛዙ ላይ በግልጥ ይጻፍ፤ በመልክ አንድ ናቸው፤ የውኃው ጎማ ግን በቤንዚን አብጦ ይላላና ከውስጥ እየተፈረፈረ ካርቡራቶሩን ይዘጋል።

መኪናውን ወደ ጋራዥ የሚሰድ ነጋዴም በሾፌሩ እጅ አንዲት ወረቀት ቢልክ መልካም ነው፤ ሞተሩ በስንት ደቂቃ እንደ ጠፋ፣ ግሎ ወይም ቀዝቅዞ እንደ ነበረ፣ ታንኩ ምን ያህል ቤንዚን እንደ ነበረው፣ እንደገና ለመነሣት ስንት ደቂቃ እንደ ወሰደበት ይጻፍባት። የተለወጠው አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ ይመለስ። ሥራው ሲያልቅ መኪናው የሚፈተነው ግቢ ውስጥ ሞተሩን በማስጮኽ ሳይሆን፣ በሽታው ይታይበት በነበረው አኳኋን፣ ከነጭነቱ፣ ታንኩ ሳይከፈት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በመንዳት ነው፤ ሂሳቡም ከዚህ መንገድ በኋላ ይከፈላል።